ሕጉን ከቤት ሆኖ መማር
ስለ አካል ጉዳተኞች መብትና ስለ ተደራሽነት በኢንተርኔት የሚሰጠው ሥልጠና ለባልና ሚስት ምን ይጠቅማል?



ተራዎ እስኪደርስ ይህን ጽሑፍ በማንበብ ላይ ሳሉ እስቲ ለአፍታ ቀና ብለው የተቀመጡበትን አካባቢ ይመልከቱ። ከመንገድ ተነሥተው እስከዚህ ወንበር ለመድረስ ስንት ደረጃ ወጡ? የገቡበት በር ምን ያህል ስፋት አለው? ስምዎ ሲጠራ ባይሰሙ ተራዎ መድረሱን በምን ያውቃሉ? ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማየት ባይችሉስ ማን ያነብልዎታል? ሰው ቢያነብልዎትም፣ ያ ሰው ሚስጥርዎን እንዲያውቅ ይፈልጋሉን?

ጤናማ ሆኖ ለሚራመድ፣ ለሚያይና ለሚሰማ ሰው እነዚህ ጥያቄዎች ትንንሽ ይመስላሉ። ለአንዳንድ ባልና ሚስት ግን የሚወልዱትን ልጅ ቁጥርና ጊዜ የሚወስኑት እነዚሁ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ጉዳዩን በምሳሌ እንየው።

አንድ ባልና ሚስት በአብነት አካባቢ ይኖራሉ እንበል። ባል ይሰማል፤ ሚስት መስማት የተሳናት ናት። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሁለተኛውን ከሁለት ዓመት በኋላ ለመውለድ ተስማምተዋል። ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ባለሙያዋ የምታነጋግረው ባልን ብቻ ነው። “እሷ ምን ትፈልጋለች?” ብላ የምትጠይቀውም እሱን ነው። ባልም ወደ ሥራው ለመመለስ ቸኩሏልና “የሚሻለውን ስጧት” ይላል። ሚስት ለሦስት ወር የሚያገለግለውን መርፌ ተወግታ ትመለሳለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የወር አበባዋ ይዛባል። መርፌው እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል፣ ይህም በአብዛኛው የማያሰጋ መሆኑን የነገራት የለም። ታመምኩ ብላ ትሰጋለች። ዘመድ “ማኅፀኗ ተበላሸ” ይላል። ባልም በልቡ ይጠራጠራል። ሁለቱ ዓመት ሲሞላ መርፌውን ታቆማለች፤ ሆኖም ወዲያው አታረግዝም። ከመርፌው በኋላ እርግዝና ለተወሰኑ ወራት ሊዘገይ እንደሚችል ቢነገራት ኖሮ ወይ ቀደም ብላ ታቆም ነበር፤ ወይም ሲወጣ እርግዝናን የማያዘገየውን በክንድ ውስጥ የሚቀበር ዘዴ ትመርጥ ነበር። በቤት ውስጥ የተፈጠረው ኩርፊያና ሐሜትም ባልመጣ ነበር።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ባለሙያዋም፣ ባልም፣ ዘመድም ደግ አሳቢ ሊሆኑ ይችላሉ። የጎደለው ነገር አንድ ነው። ይኸውም ለሚስት በቀጥታና በሚገባት መንገድ መንገር የደግነት ሳይሆን የሕግ ጉዳይ መሆኑን ከሦስቱ አንዳቸውም አለማወቃቸው ነው። ይህን ዕውቀት ደግሞ ዛሬ ቤት ተቀምጦ፣ በእጅ ስልክ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍያ መማር ይቻላል።

ጉዳዩ የማን ነው?

“በእኛ ቤት አካል ጉዳተኛ የለም” ብለው ይህን ገጽ ለመዝለል አይቸኩሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ይህም ከስድስት ሰዎች አንዱ ማለት ነው። የመኪና አደጋ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና እርጅና በማንኛውም ቤት ይገባሉ። ዛሬ ደረጃውን በሩጫ የሚወጣ ባል ነገ በክራንች ሊወጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሚስት፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ጉልበታቸው የደከመ አያት ሁሉም ለስላሳ መውጫና መያዣ ያለው ደረጃ ይፈልጋሉ።

በአገራችን አካል ጉዳተኛ አይማርም የሚል አስተሳሰብ በብዙ ቤት ቢኖርም ታሪካችን ራሱ ይህን ያፈርሰዋል። በቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶች ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ዜማውንና ቅኔውን በጆሯቸው ሰምተው በቃላቸው እየያዙ ለመምህርነት ሲበቁ ኖረዋል። አብነት ማለት አርአያ ማለት ነውና የሰፈራችን ስም ራሱ ያስታውሰናል። እነዚህ ሊቃውንት የተማሩት ዓይናቸው ስለበራ ሳይሆን ትምህርቱ በሚደርሳቸው መንገድ ስለተሰጣቸው ነው። ዛሬ “ተደራሽነት” የምንለውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በወሎ አማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት ወይዘሮ የትነበርሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሲሆኑ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ባደረጉት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ባለትዳርና የልጆች እናትም ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

ማንኛውም ሥልጠና ቢሆን የሚጀምረው ከሕጉ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹን በአጭሩ እንመልከት።

1ኛ) ሕገ መንግሥቱ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ እንዲመድብ ያዛል። በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ደግሞ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚመጣ ጉዳት ጤንነታቸውን ለመጠበቅ የቤተሰብ ዕቅድ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጹ “ሴቶች” ይላል እንጂ “የሚሰሙ ሴቶች” ወይም “የሚያዩ ሴቶች” አይልም።

2ኛ) ዓለም አቀፉ ስምምነት። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2006 ተቀብሎ ያጸደቀው ጠቅላላ ጉባዔው ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃዋለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ስለሚል ይህ ስምምነት የውጭ አገር ወረቀት አይደለም፤ የእኛው ሕግ ነው።

ለባልና ሚስት ከሁሉ የሚቀርበው የስምምነቱ አንቀጽ 23 ነው። አካል ጉዳተኞች በነፃ ፈቃዳቸው የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት፣ የልጆቻቸውን ቁጥርና በመካከላቸው የሚኖረውን ጊዜ በነፃነትና በኃላፊነት የመወሰን፣ ለዚህም የሚያስፈልገውን የቤተሰብ ዕቅድ ትምህርት የማግኘት መብት አላቸው። የመውለድ ችሎታቸውም ከሌላው ሰው እኩል ይጠበቅላቸዋል። አንቀጽ 25 ደግሞ የሥነ ተዋልዶን ጨምሮ የጤና አገልግሎት ለሌላው በሚሰጠው ዓይነትና ጥራት እንዲሰጣቸው፣ ባለሙያውም ፈቃዳቸውን ሲጠይቅ በቂ መረጃ በመስጠት እንዲሆን ያዛል። ከላይ በምሳሌ የጠቀስናት ሚስት የተነፈገችው ይህንኑ ነው።

3ኛ) የሥራ ሕግ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 በአካል ጉዳት ምክንያት በሥራ ላይ አድልዎ ማድረግን ከለከለ። አሠሪው ለሠራተኛው የሚያስፈልገውን የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ጣለበት። አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ክስ ሲመሠርትም የማስረዳት ሸክም እንዳይኖርበት ደነገገ። ከሥራ የተባረረ አካል ጉዳተኛ ይህን ሳያውቅ “ምን ማስረጃ አለኝና?” ብሎ ቤቱ ቢቀር፣ የቤቱ ገቢ ሲቋረጥ የሚጎዱት ልጆቹም ናቸው።

4ኛ) የሕንፃ ሕግ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መፀዳጃ ቤትም እንዲዘጋጅላቸው አዘዘ።

ሕግ በየጊዜው እንደሚሻሻልና እንደሚተካ ግን መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ በማንኛውም አዋጅ ከመከራከርዎ በፊት በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ከሕግ ባለሙያ ይጠይቁ። ጥሩ ሥልጠና ከሚያስተምራቸው ልማዶች አንዱ ይህ ነው።

ተደራሽነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ተደራሽነት ማለት ቦታው፣ አገልግሎቱና መረጃው ለሁሉም እንዲደርስ ሆኖ መሠራቱ ነው። ሥልጠናዎቹ ይህን በስሜት ሳይሆን በልክ ያስተምራሉ። በሰፊው ከሚሠራባቸው ልኮች ጥቂቶቹን እነሆ፦

— ተዳፋት መውጫ (ራምፕ) ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር የሆነን አንድ ደረጃ ለመተካት 180 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት ይሠራል። ከዚህ አጥሮ ከተሠራ ቁልቁለቱ ስለሚበዛ ተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። በየመንገዱ የምናያቸው አንዳንድ መውጫዎች ለስም ብቻ የተሠሩ መሆናቸውን በሜትር ለክቶ ማወቅ ይቻላል።

— በር ሲከፈት ለማለፊያ የሚቀረው ስፋት ከ80 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ከፍ ማለት አለበት።

— ተሽከርካሪ ወንበር ለማዞር 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። መፀዳጃ ቤት ውስጥ በብዛት የሚጎድለው ይህ ነው።

ተደራሽነት ግን በግንብ ብቻ አያበቃም። መስማት ለተሳነው ሰው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚና በጽሑፍ የተዘጋጀ መልእክት፣ ማየት ለተሳነው በብሬል ወይም በድምፅ የተዘጋጀ መረጃ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ሰው ቀላል ቃላትና ሥዕል ያስፈልጋሉ። ለአንድ ሰው በተለየ ሁኔታ የሚደረገው ማስተካከያ ደግሞ “ተመጣጣኝ ማመቻቸት” ይባላል። ለምሳሌ ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ ባለሙያው ወደ ምድር ወርዶ ቢያስተናግድ፣ ወይም አስተርጓሚ በሚገኝበት ቀን ቀጠሮ ቢሰጥ ገንዘብ እምብዛም ሳያስወጣ ችግሩ ይቃለላል።

ከዚህ ሲወጡ ሰፈሩን በዚህ ዓይን ይመልከቱት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በአብነት ስም የሚጠራ ጣቢያ አለው። ከጣቢያው እስከ ቤትዎ ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ቢኖርብዎ የት ላይ ይቆማሉ? የት ላይስ ሰው መለመን ይኖርብዎታል? ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ባለ አራት ፎቅ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። በአራተኛ ፎቅ የሚኖር ባል እግሩን ቢሰበር ሚስት ወደ ክሊኒክ የምታደርሰው በማን ትከሻ ነው?

በኢንተርኔት የሚሰጠው ሥልጠና ከየት መጣ?

በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1990 ብዙ አካል ጉዳተኞች ክራንቻቸውንና ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ትተው የአሜሪካን ምክር ቤት ደረጃዎች በእጃቸው እየዳሁ ወጡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ጸደቀ። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን ነጋዴውም፣ ሐኪሙም፣ የቤት አከራዩም “ምን አድርግ ነው የምባለው?” ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። በመሆኑም ሕጉን የሚያስረዱ አሥር የክልል ማዕከላት ተቋቋሙ። ማዕከላቱ በመጀመሪያ በስልክና በስብሰባ፣ በኋላም በኢንተርኔት ማስተማር ያዙ። በዚያ አገር የሚኖር ዘመድ ካለዎት ይህን አገልግሎት እንዲጠቀምበት ይንገሩት።

በአገራችን ሆነው ሊከታተሏቸው ከሚችሉት መካከል ሁለቱን እንጥቀስ። አንደኛው የዓለም ጤና ድርጅት “ኳሊቲ ራይትስ” በሚል ስም ያዘጋጀው ነፃ የኢንተርኔት ሥልጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በጋና ተጀምሮ በ2022 ለመላው ዓለም ተከፍቷል። የአእምሮ ሕመምና የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው፣ ሌላው ሰው በእነርሱ ፋንታ ከመወሰን ይልቅ እንዲወስኑ እንዴት ማገዝ እንደሚችል ያስተምራል።

ሁለተኛው ስለ ዲጂታል ተደራሽነት ነው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ አወጣ። መመሪያው በ2008፣ በ2018 እና በ2023 ተሻሽሏል። ይኸው ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ነፃ የመግቢያ ትምህርት ይሰጣል። ትምህርቱ ለምሳሌ የፊደሉና የመደቡ ቀለም በደንብ ካልተለያዩ ዓይኑ የደከመ ሰው ማንበብ እንደማይችል፣ ሥዕል ያለ ገላጭ ጽሑፍ ከቀረበ ማየት የተሳነው ሰው ምንም እንደማያገኝ ያስረዳል። በቢሮ የሚሠራ፣ ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ወይም ሱቁን በስልክ የሚያስተዋውቅ ሰው ሁሉ ይጠቅመዋል።

እንዴት ይጀመራል?

ሀ) አብራችሁ ጀምሩ። ባል ብቻ ወይም ሚስት ብቻ ከሚማሩ ልጆች ከተኙ በኋላ በሳምንት ሁለት ምሽት ግማሽ ግማሽ ሰዓት አብራችሁ ብትቀመጡ ይሻላል። አንዱ እንግሊዝኛ የሚችል ከሆነ ለሌላው እያቆመ በአማርኛ ያስረዳ። የተሰማውን በራስ ቋንቋ መናገር ከሁሉ የሚበልጥ ጥናት ነው። አብዛኛው ሥልጠና በእንግሊዝኛ መሆኑ እውነተኛ ችግር ነው፤ ነገር ግን ከላይ የጠቀስናቸውን አዋጆች የታተሙበት ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛም ስላለው ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል።

ለ) ስልኩን አመቻቹ። ማየት ለተሳነው ሰው በብዙ ስልኮች ላይ ጽሑፍ የሚያነብ አገልግሎት አለ። ለኮምፒዩተር ደግሞ “ኤን ቪ ዲ ኤ” የተባለው ነፃ የማንበቢያ ፕሮግራም አለ፤ አብሮት በሚመጣው የድምፅ መሣሪያ አማርኛንም ያነባል። ድምፁ እንደ ሰው ባይሆንም ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል።

ሐ) ወጪውን ቁጠሩ። ቪዲዮ ገንዘብ ይበላል። ሥልጠናው በጽሑፍ የተዘጋጀ ቅጂ ካለው እሱን አስቀድሙ። ቪዲዮውን ዋጋው በሚቀንስበት ሰዓት ወይም በሥራ ቦታ ማውረድ ይቻላል። አንዳንድ ትምህርት ነፃ ሆኖ የምስክር ወረቀቱ ብቻ በክፍያ ነው። የምስክር ወረቀቱ ለሥራ ካላስፈለጋችሁ ዕውቀቱ ይበቃል።

መ) ሥልጠናውን ራሱን ፈትኑት። ስለ ተደራሽነት የሚያስተምር ሥልጠና ራሱ ተደራሽ መሆን አለበት። ቪዲዮው ከሥሩ ጽሑፍ አለውን? ያለ አይጥ በቁልፍ ብቻ መሄድ ይቻላልን? የማንበቢያ ፕሮግራም ያነበዋልን? ያዘጋጁትስ እነማን ናቸው? አካል ጉዳተኞች ያልተሳተፉበት ሥልጠና ብዙ ጊዜ ስለ እዝነት እንጂ ስለ መብት አያስተምርም።

ሥልጠናው የማይሰጠው ነገር

ሥልጠና ጠበቃ አያደርግም። የአሜሪካንን ሕግ የተማረ ሰው ያንኑ ይዞ ልደታ ፍርድ ቤት ቢሄድ አይረዳውም። ከውጭው ትምህርት የምንወስደው አስተሳሰቡንና ልኩን ነው፤ ለክርክር የሚያገለግለው የአገራችን ሕግ ነው። ችግር ሲገጥም የዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸው፣ እንዲሁም የአካል ጉዳተኛ ሴቶች ብሔራዊ ማኅበራትን ማማከር ይቻላል። አቤቱታም ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል።

ደግሞም ሥልጠና የትዳርን ንግግር አይተካም። ባል የሚስቱን ምልክት ቋንቋ ካልተማረ፣ ሚስት የባሏን ተሽከርካሪ ወንበር እንደ ሸክም ካየች፣ ስምምነቱን በቃል ቢያጠኑት ዋጋ የለውም።

ክሊኒክ ሲመጡ

እርስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ አካል ጉዳተኛ ከሆናችሁ የሚከተሉትን ከመጠየቅ አይፈሩ፤ ልመና አይደለምና።

— “እባክዎ ለእኔ ይንገሩኝ።” ባለሙያው አጃቢውን ሳይሆን ባለጉዳዩን ፊት ለፊት እያየ እንዲያነጋግር ይጠይቁ። አስተርጓሚ ቢኖርም ዓይን የሚታየው ባለጉዳዩን ነው።

— “አስተርጓሚዬን እኔ ልምረጥ።” ልጅን፣ አማትን ወይም ጎረቤትን በእንዲህ ያለ ጉዳይ ማስተርጎም ሚስጥርን ማጋለጥ ነው። አስተርጓሚ ከሌለ በጽሑፍና በሥዕል መግባባት ይቻላል።

— “ያሉትን ዘዴዎች ሁሉ ያሳዩኝ።” የሚመርጠው ባለጉዳዩ ነው። ጥቅሙ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ፣ ሲቆም እርግዝና መቼ እንደሚመለስ ይነገር።

— “የምወስደው መድኃኒት አለ።” ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ እንደ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ያሉ መድኃኒቶች የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ እንክብልና በክንድ የሚቀበረውን ዘዴ ኃይል ሊቀንሱ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ መንቀሳቀስ የማትችል ሴት ደግሞ ኤስትሮጅን ያለበትን እንክብል ከመጀመሯ በፊት ከባለሙያ ጋር መመካከር አለባት፤ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ አለና።

— “ፈቃዴን ሳልሰጥ አይደረግብኝ።” በተለይ ለዘለቄታው መውለድን የሚያቆም ቀዶ ሕክምና በባለጉዳዩ ሙሉ ፈቃድ ካልሆነ በቤተሰብ ፍላጎት ብቻ መደረግ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2014 በጋራ ባወጡት መግለጫ ይህን አጥብቀው አውግዘዋል።

ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለታችንም ማየት የተሳነን ነን። ዘመዶቻችን “ልጁን ማን ያሳድገዋል?” እያሉ እንዳንወልድ ይመክሩናል። መብቱ የማን ነው?

መልስ፦ የእናንተ የባልና የሚስቱ ነው። ዘመድ ይመክራል እንጂ አይወስንም። ስምምነቱ በአንቀጽ 23 ከዚህም አልፎ ልጅን ለማሳደግ ተገቢው እርዳታ እንዲሰጣችሁ፣ በወላጅ የአካል ጉዳት ምክንያትም ልጅ ከወላጁ እንዳይለይ ይደነግጋል። መቼና ስንት እንደምትወልዱ እንደማንኛውም ቤተሰብ ከኑሯችሁ ጋር አገናዝባችሁ ወስኑ።

ጥያቄ፦ እኔ ሱቅ አለኝ። አካል ጉዳተኛ ደንበኛ እምብዛም አይመጣም። ለማን ብዬ ተዳፋት ልሥራ?

መልስ፦ የማይመጡት መግቢያ ስለሌላቸው እንዳይሆን አስቡበት። ተዳፋቱን ጋሪ የሚገፋው፣ ሕፃን ያዘለችውና አረጋዊውም ይጠቀሙበታል። በአንድ ደረጃ ምክንያት የቀረው ሽያጭ ከሲሚንቶው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከአደጋ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ከቤት አይወጣም፤ ስለ ትዳራችንም መናገር ተወ። ሕግ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ ሕግ ልብ አይጠግንም። ነገር ግን ሰው ከቤት የማይወጣው አንዳንዴ በሐዘን ሳይሆን በደረጃ ነው። በመጀመሪያ መውጫውን አስተካክሉ፤ ከዚያ አብራችሁ ወደ ክሊኒክ ኑ። ከአደጋ በኋላ ስለ ግንኙነትና ስለ መውለድ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ የሚያሳፍር አይደለም፤ ብዙውም መፍትሔ አለው። ሥልጠናውንም አብራችሁ ብትጀምሩ ሁለታችሁም የምትነጋገሩበት አዲስ ርዕስ ታገኛላችሁ።

ለማጠቃለል

በመጀመሪያ ወደ ጠቀስናቸው ባልና ሚስት እንመለስ። ሕጉን አውቀው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ይለወጥ ነበር። ባል “እባክዎ ለባለቤቴ ይንገሯት፤ እኔ ጣልቃ አልገባም” ይላል። ባለሙያዋ ወረቀትና ሥዕል ታወጣለች። ሚስት የዘዴዎቹን ልዩነት ትረዳለች፤ ሁለት ዓመት ካለች በኋላ መውለድ እንደምትፈልግ ጽፋ ታሳያለች፤ ለዚህ የሚስማማውን ራሷ ትመርጣለች። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ በጀት ሳይሆን ሦስት ሰዎች አንድ ነገር ማወቃቸው ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስትይዙ ግማሽ ሰዓቱን ለዚህ ስጡት። የተማራችሁትን ደግሞ ለጎረቤትና ለእድር አካፍሉ። እድሩ የሚሰበሰብበት አዳራሽ መግቢያ በተሽከርካሪ ወንበር ይገባ እንደሆነ በሜትር ለክታችሁ ጠይቁ። ሰፈራችን ለስሙ የሚበቃ አብነት እንዲሆን መለኪያውን የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል።

ተራዎ ደረሰ መሰለን። አጠገብዎ ያለው ሰው ስሙ ሲጠራ ካልሰማ በቀስታ ይንኩት።